ምዕራፍ 7፦ ሊጡ እስኪደርስ
የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት ለምን ሳምንታት ይፈጃል?

በድባቴ የተያዘ ሰው የመጀመሪያዋን የፍሉኦክሰቲን ክኒን ጠዋት ቢውጥ፣ መድኃኒቱ በዚያው ቀን አንጎሉ ውስጥ ደርሶ ሥራውን ይጀምራል። ምሽት ላይ ሰውየው ያው ነው። ከአልጋ መነሳት ይከብደዋል፣ ምግብ አይጥመውም፣ የሚወዳቸው ሰዎች ሲያናግሩት መመለስ ያታክተዋል። በማግስቱም በሳምንቱም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መዛባት ሲጨመርበት ደግሞ ከበፊቱ የባሰበት ሊመስለው ይችላል። እፎይታው የሚመጣ ከሆነ በአብዛኛው የሚሰማው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ክፍተት ነው። በክኒኑና በእፎይታው መካከል ያሉት ሳምንታት የሕክምናው አስቸጋሪ ክፍል ናቸው፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወውም እዚያ ላይ ነው። ከተዉት ሰዎች ብዙዎቹ ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚመጣ የነገራቸው አልነበረም። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ለታማሚውም ለቤተሰቡም የመጀመሪያው ስንቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሳንባ ነቀርሳ ክፍል የመጣ ፍንጭ

የድባቴ መድኃኒቶች የበሽታውን መነሻ ባወቀ ሰው ታስበው የተሠሩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ በነበረው ሲ ቪው ሆስፒታል፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮናያዚድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት የሳንባ መሻሻልን ነው። ሕሙማኑ ግን ገና ሳይድኑ መንፈሳቸው ተነቃቃ፤ ምግብ አማራቸው፤ እርስ በርስ መጫወትና መሳቅ ጀመሩ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ናታን ክላይን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድኃኒቱን ለድባቴ ሕሙማን ሰጥቶ፣ ያየውን መሻሻል በ1957 ይፋ አደረገ።

በዚያው ዓመት ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ስለተባለ ሌላ መድኃኒት ሪፖርት አቀረበ። ኢሚፕራሚን መጀመሪያ የተሞከረው ለስኪዞፍሬንያ ነበር፤ ለዚያ አልሆነም። ኩን ግን ከባድ ድባቴ ላለባቸው ሕሙማን ሰጥቶ ሲከታተላቸው ተሻላቸው። ዛሬ በአገራችን ጤና ተቋማት የሚታዘዘው አሚትሪፕትሊን የዚሁ የኢሚፕራሚን ዘመድ ነው። ፍሉኦክሰቲን የመጣው ኋላ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1987 መጨረሻ ፈቀደለት፤ ፕሮዛክ በሚለው የንግድ ስሙም ዓለም አወቀው። ሁለቱም፣ አሚትሪፕትሊንና ፍሉኦክሰቲን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

ያልተፈታው ጥያቄ

በምዕራፍ 3 የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደሚነጋገሩ አይተናል። በሁለት ሴሎች መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። አንደኛው ሴል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይለቃል፤ ሁለተኛው ይቀበላል፤ ከዚያ የለቀቀው ሴል የተረፈውን መልሶ ይሰበስባል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጁሊየስ አክስልሮድ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢሚፕራሚን ይህን መልሶ የመሰብሰብ ሥራ እንደሚያግድ አሳየ። በዚህ ዙሪያ ላካሄዳቸው ምርምሮችም በ1970 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የተባለው ዘመዱ የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የሚያተኩሩት ሴሮቶኒን በተባለው ኬሚካል ላይ ነው። መሰብሰቡ ሲታገድ ሴሮቶኒን በክፍተቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ከዚህ በመነሳት ለብዙ ዓመታት «ድባቴ ማለት የሴሮቶኒን ማነስ ነው፤ መድኃኒቱ የጎደለውን ይሞላል» የሚል ማብራሪያ በየቦታው ተነገረ። ማብራሪያው ቀላልና የሚያጽናና ነው፤ ችግሩ ከሰዓቱ ጋር አለመግጠሙ ነው። መድኃኒቱ መልሶ መሰብሰብን የሚያግደው በሰዓታት ውስጥ ነው። ጉዳዩ ጎደሎን መሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠዋት የዋጠ ሰው ማታ በተሻለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዋ ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ የቆዩ ጥናቶችን ገምግመው፣ ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች «እንግዲያው መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሄደዋል። ሁለቱ ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። የበሽታው መነሻ ምንድን ነው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሰውን ይረዳል ወይ የሚለው ሌላ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ሰፊ መልስ አለ። አንድሪያ ቺፕሪያኒ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የታተመው ትንተና 522 ሙከራዎችን፣ 116,477 ተሳታፊዎችንና 21 መድኃኒቶችን አካቷል። ሁሉም መድኃኒቶች በአማካይ ከባዶ ክኒን፣ ማለትም ምንም መድኃኒት ከሌለበት ማነጻጸሪያ ክኒን፣ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ልዩነቱ በአማካይ ሲታይ መጠነኛ ነው፤ ባዶውን ክኒን ከወሰዱትም ብዙዎች ተሽሏቸዋል። ይህም ሆኖ ከባድ ድባቴ ላለበት ሰው መጠነኛ እርዳታ ማለት ሥራ በመሄድና ባለመሄድ፣ ልጅ በማቀፍና ባለማቀፍ መካከል ያለው ርቀት ሊሆን ይችላል።

እርሾውና ዱቄቱ

ታዲያ በሳምንታቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ለዚህ ከጤፍ ሊጥ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዱቄት በውኃ ለውሶ እርሾ መጨመር ብዙ ሰዓት አይወስድም። ሊጡ የሚደርሰው ግን ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በመሃል ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰው ምንም ያልተለወጠ ይመስለዋል። ብርድ ባለበት ይዘገያል፤ ሙቀት ባለበት ይፈጥናል። ሳይደርስ የተጋገረውም አፍለኛ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚለወጠው ዱቄቱ ራሱ ነው፤ እርሾው ለውጡን ያስጀምራል እንጂ ዱቄቱን አይተካም።

መድኃኒቱም እንዲሁ ደስታን ወደ አንጎል አያስገባም። አንጎል ራሱ የሚያካሂደውን ለውጥ ያስጀምራል። ተመራማሪዎች ከዚህ ለውጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ለይተዋል።

አንደኛው የአንጎል መጠንቀቅ ነው። ሴሮቶኒን የሚለቁ ሴሎች የራሳቸውን ልቀት የሚቆጣጠሩባቸው ተቀባዮች አሏቸው። በክፍተቱ ያለው ሴሮቶኒን በድንገት ሲበዛ እነዚህ ተቀባዮች «በዝቷል» ብለው ልቀቱን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንጎሉ መድኃኒቱን በከፊል ይቋቋመዋል። ተቀባዮቹ አዲሱን መጠን ለምደው ቁጥጥራቸውን የሚያላሉት ቆይተው ነው።

ሁለተኛው የነርቭ ሴሎች እድገት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ውጥረትና ድባቴ ሂፖካምፐስ የተባለውን፣ ለትውስታና ለስሜት ወሳኝ የሆነውን የአንጎል ክፍል ሊጎዱ ይችላሉ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሬኔ ኸን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ክፍል አዲስ የነርቭ ሴል እንዳይፈጠር በጨረር የተከለከሉ አይጦች መድኃኒቱ የተለመደውን ለውጥ አላመጣባቸውም። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ አሁንም ክርክር አለ። አንጎል አዲስ ግንኙነት መዘርጋቱ ጊዜ እንደሚፈልግ ግን ሁሉም ይስማማል።

ሦስተኛው ለዕለት ኑሮ በጣም ቅርብ ነው። ድባቴ ያለበት ሰው ዓለምን ወደ ሐዘን አዘንብሎ ያነባል። ፊቱን ያልፈታ ጎረቤት የተቆጣው ይመስለዋል፤ ዘግይቶ የመለሰለት ወዳጅ የናቀው ይመስለዋል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ሃርመር ባደረገቻቸው ጥናቶች፣ ከአንድ ጊዜ መድኃኒት በኋላ እንኳ ሰዎች የደስታ ፊትን ከበፊቱ በተሻለ መለየት ይጀምራሉ። ሰውየው ግን «ተሻለኝ» አይልም፤ ምንም አልተሰማውም። ንባቡ ተቃንቷል፤ በተቃናው ንባብ ገና አልኖረም። ከሰው ጋር ሲውል፣ ሰላምታ ሲሰጥና ሲቀበል፣ ቡና ላይ ሲቀመጥ፣ ትንንሾቹ ገጠመኞች ቀስ በቀስ ተጠራቅመው ስሜቱን ያነሳሉ።

ይህ ማብራሪያ ትክክል ከሆነ፣ መድኃኒት እየወሰደ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚተኛ ሰው ከሕክምናው ግማሹን እያጣ ነው። ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገርም እዚህ ላይ ይታያል። «ተጫወት እንጂ!» ብሎ መጎትጎት አይጠቅምም። አብሮ መቀመጥ፣ አጭር መንገድ አብሮ መራመድ፣ መልስ ሳይጠብቁ ማውራት ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሁሉም መድኃኒት በዚህ ፍጥነት አይሄድም። በሰመመን ሰጪነቱ የሚታወቀው ኬታሚን በሰዓታት ውስጥ ድባቴን ሊያቀል ይችላል። ኤስኬታሚን የተባለው ዘመዱም በአፍንጫ እየተነፋ በባለሙያ ክትትል እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል። መንገዱ ከሴሮቶኒን የተለየ ነው። ስለዚህ ሳምንታት መጠበቅ የድባቴ የማይቀር ሕግ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚያገኛቸው ክኒኖች ባሕርይ ነው።

ሳምንታቱ ከውስጥ ሲታዩ

በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች የሚናገሩት በብዙ ነገር ይመሳሰላል። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መረበሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም መፍዘዝ ይመጣል። አሚትሪፕትሊን የሚወስዱት ደግሞ አፋቸው ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይጫናቸዋል፣ ሆዳቸው ይደርቃል። ጭንቀት ላለበት ሰው ይህ ጊዜ በተለይ ይከብዳል። ልቡ በመታ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው መድኃኒቱ ሰውነቱን ሲያነቃቃው «ልሞት ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ሐኪም ለጭንቀት ሲያዝዝ ከዝቅተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል። ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላሉ።

ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመለሱት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ጉልበት ናቸው። ይህን ለውጥ ከታማሚው ቀድሞ የሚያየው የቤት ሰው ነው። እናት «ዛሬ ሳልቀሰቅሳት ተነሳች» ትላለች፤ ልጅቷ ራሷ «ምንም ለውጥ የለም» እያለች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ሰውነት ቀድሟል፤ ስሜት ገና እየመጣ ነው።

በዚሁ ጊዜ ውስጥ መደበቅ የሌለበት አደጋ አለ። ጉልበት ተመልሶ ተስፋ ገና ሳይመለስ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ለተወሰነ ጊዜ የበለጠ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ለልጆችና ለታዳጊዎች ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ጨመረ። በእነዚህ ሳምንታት ታማሚው ብቻውን መተው የለበትም። ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ፣ እረፍት የማይሰጥ መቁነጥነጥ ከያዘው ወይም ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ የቀጠሮው ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይኬዳል። በምዕራፍ 5 ያየነው ባይፖላር ያለበት ሰውም እነዚህን መድኃኒቶች ብቻቸውን ከወሰደ ወደ ከፍተኛ መነቃቃት ሊገባ ስለሚችል፣ ቀደም ሲል ያለ እንቅልፍ ለቀናት የመቆየትና ያለ ልክ የመነሳሳት ጊዜ እንደነበረው ለሐኪሙ መናገር አለበት።

እፎይታው ሲመጣ እንደ ደስታ አይመጣም። ሰዎች የሚያስታውሱት ተራ ነገሮችን ነው፤ ስልክ ማንሳት ሳይከብድ መቅረቱን፣ ሻይ መጣፈጡን፣ አንድ ገጽ አንብቦ መጨረስን። የሚያጡትም አለ። አንዳንዶች ሐዘናቸው ሲቀል ደስታቸውም አብሮ እንደደበዘዘ፣ ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ እንባ እንደማይመጣላቸው ይናገራሉ። የወሲብ ፍላጎት መቀነስም የተለመደ ነው፤ ከሌሎቹ በተለየ በጊዜ ብዛት ላይጠፋ ይችላል። በአገራችን ይህን ለሐኪም መናገር ያሳፍራልና ሰው በዝምታ ክኒኑን ይተዋል። መጠን ሊቀነስ፣ መድኃኒትም ሊቀየር እንደሚችል ያወቀ ሰው ከመተው ይልቅ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ካልተስማማ

በአሜሪካ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሕሙማንን ያሳተፈውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ስታር ዲ የተባለ ጥናት፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ምልክታቸው ሙሉ በሙሉ የለቀቃቸው ከሦስት ሰዎች አንድ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ሌሎቹ መጠን መጨመር፣ መድኃኒት መቀየር ወይም ሌላ ማከል አስፈልጓቸዋል። ማን በየትኛው እንደሚድን አስቀድሞ የሚለይ አስተማማኝ ምርመራ እስካሁን የለም። አንድ እርሾ በሁሉም ዱቄትና በሁሉም አየር እኩል እንደማይሠራ ሁሉ፣ አንድ መድኃኒትም በሁሉም ሰው እኩል አይሠራም።

ታሪካቸውን በይፋ የጻፉ ሰዎች ይህን በሁለቱም በኩል ያሳያሉ። አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ስታይረን እ.ኤ.አ. በ1985 በከባድ ድባቴ ተይዞ ነበር። በ1990 ባሳተመው «ዳርክነስ ቪዚብል» መጽሐፉ እንደተረከው፣ የታዘዙለት መድኃኒቶች አልረዱትም፤ ያገገመው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። በሌላ በኩል አንድሩ ሰሎሞን በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ባገኘው «ዘ ኑንዴይ ዲመን» መጽሐፉ፣ መድኃኒቶችን እየቀያየረና እያጣመረ ለእርሱ የሚሆነውን እንዳገኘ፣ መድኃኒትም የሕይወቱ አካል እንደሆነ ጽፏል። የአንዱ ታሪክ የሌላውን አይሽርም። ጎረቤትን ያዳነ ክኒን ለእኔም ይሆናል ማለት፣ ጎረቤትን ያላዳነው ለእኔም አይሆንም ማለት ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ቶሎ የሚያረጋጋው ክኒን

ጭንቀት ያለበት ሰው «ያኛው ክኒን ግን ወዲያው ያረጋጋኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ዲያዜፓምን ማለቱ ነው። ዲያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1963 ቫሊየም በሚል ስም ለገበያ የወጣ ሲሆን፣ የነርቭ ሴሎችን እንቅስቃሴ በቀጥታ ስለሚያረጋጋ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይሰማል። ለአጭር ጊዜና በሐኪም ትእዛዝ ይጠቅማል። ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ ያው መጠን አይበቃም፤ በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጥ፣ የባሰ ጭንቀት፣ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ፍጥነቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ቀስ ብሎ የሚሠራው መድኃኒት ደካማ፣ ፈጥኖ የሚሠራው ብርቱ ይመስላል፤ ለረጅም ጊዜ ጭንቀት ግን በብዛት የሚመረጠው ቀስ የሚለው ነው።

ማቆም የራሱ ሥርዓት አለው

«ተሻለኝ» ያለ ሰው ክኒኑን ወዲያው ማቆም ይፈልጋል። መመሪያዎች ምልክቱ ከለቀቀ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር መቀጠልን ይመክራሉ፤ ድባቴ ለተመላለሰበት ሰው ከዚያ በላይ። ምክንያቱ የበሽታው የመመለስ ዕድል በዚያ ወቅት ከፍተኛ መሆኑ ነው።

በድንገት ያቆመ ሰው የራስ ማዞር፣ ንዝረት የመሰለ ስሜት፣ ብስጭትና የሚያባንን ሕልም ሊገጥመው ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይህ ያንሳል፤ በአንድ ቀን ገደማ ግማሹ በሚወጣው፣ ፓሮክሰቲን በተባለው ሌላ መድኃኒት ይበረታል። «ሱስ ይሆንብሻል» የሚለው ስጋት የሚመነጨው ከዚህ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እንደ አልኮል የመጎምጀትና መጠንን የማብዛት ጠባይ አያመጡም፤ ሰውነት ግን ለምዷቸዋልና ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ በሳምንታት ወይም በወራት ቀስ በቀስ መቀነስ ያስፈልጋል።

በእኛ ቤት

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአማኑኤል ሆስፒታልን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ያዘጋጀውን መርሐ ግብር አገራችን ከተቀበለች ወዲህ፣ ነርሶችና የጤና መኮንኖችም እየሠለጠኑ ድባቴን ያክማሉ። ታማሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው «ራሴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል» ብሎ ነው። ክኒን ሲሰጠው ለራስ ምታቱ ይመስለዋል፤ በሦስት ቀን ካልተወው ይጥለዋል።

ብዙዎች ከሐኪም በፊት ወይም ጎን ለጎን ጸበል ይሄዳሉ። ሁለቱን ማፎካከር ታማሚውን ይጎዳል። በኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲነሳ፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለድባቴ መድኃኒትም ይኸው ይሠራል። ጾምም እንቅፋት መሆን የለበትም። አብዛኞቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ፣ ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ሰዓቱን ከጾም መፍቻ ወይም በረመዳን ከኢፍጣር ወይም ከሱሑር ጋር ማስማማት ይቻላል።

ከሐኪም ክፍል ሳይወጡ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? መጀመሪያ ምን ይሰማኛል፤ መቼስ ይቀላል? ለውጡን መቼ ልጠብቅ? ካልተስማማኝ ወዴት ልምጣ? ስንት ወር እወስዳለሁ? ሐኪሙ ሰልፉ ቢረዝምበትም እነዚህን ሳይመልስ ክኒን መስጠት ሕክምናውን ግማሽ ማድረግ ነው። ከታማሚው ጋር የመጣ ሰው ካለ መልሱን እሱም ይስማ፤ ምክንያቱም በሦስተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» የሚል ሰው አጠገቡ የሚያስፈልገው «ይህን ነግረውን ነበር፤ ገና ነው» የሚለው ሰው ነው።

መድኃኒት ለውጡን ያስጀምራል ካልን፣ ለውጡን ወዴት እንደምንመራው ማወቅም አለብን። ድባቴ የተከለውን አስተሳሰብ በንግግር መንቀል የሚቻለው እንዴት እንደሆነ፣ ከመድኃኒት ጋር ሲጣመርም ለምን እንደሚበረታ በምዕራፍ 8 እናያለን።